ሽንቴ ያቃጥለኛል፣ ካልቸሩ ግን ንጹሕ ነው፦ በእርግዝና ጊዜ ፊኛ ላይ ያለ ኢንዶሜትሪዮሲስ

የመነሻው ጽሑፍ

እንደምን ሰነበታችሁ። 26ኛ ሳምንቴን የያዝኩ ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የመጀመሪያ ልጄ ነው። የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ሲሆን የምሠራው ቸርችል ጎዳና ዳር ባለ ቢሮ ውስጥ ነው። ይህን ለመጻፍ ሦስት ሌሊት አመነታሁ፤ ሐኪሞቼ ባይለያዩብኝ ኖሮ ምናልባት አልጽፈውም ነበር።

ከ19 ዓመቴ ጀምሮ የወር አበባዬ በመጣ ቁጥር ሽንቴን ስጨርስ ከእምብርቴ በታች ጨምድዶ ይይዘኝ ነበር። ደሙ ሲቆም ሕመሙም ይቆማል። ለዘጠኝ ዓመታት የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው እየተባልኩ የዋጥኩት ክኒን ቁጥር ስፍር የለውም። ቤት ውስጥ ደግሞ ብርድ ነው ተባለ፤ እናቴ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልታ በፎጣ እየጠቀለለች ሆዴ ላይ ታኖርልኝ ነበር። በ2015 ዓ.ም. አንዲት የማሕፀን ሐኪም ከዚያ በፊት ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀችኝ፤ ሕመሙ ከወር አበባዬ ጋር መጥቶ ከእርሱ ጋር ይሄድ እንደሆነ። ፊኛዬ በመጠኑ ሞልቶ ሳለ በውስጥ በኩል በሚደረገው አልትራሳውንድ አየችኝ፤ የፊኛው ግድግዳ ላይ 2 ሴንቲሜትር የሚሆን እብጠት ተገኘ። ኤምአርአይ የሚባለው በማግኔት የሚነሳ ምስልም ያንኑ አሳየ። ስሙ ኢንዶሜትሪዮሲስ መሆኑን፣ ማለትም የማሕፀን ግድግዳ የሚመስል ሕዋስ ከማሕፀን ውጭ መብቀሉን፣ የዚያን ዕለት ሰማሁ። ዲዬኖጄስት የሚባለውን የሆርሞን ክኒን ከአንድ ዓመት በላይ ወሰድኩ፤ ልጅ ስንፈልግ አቆምኩ፤ እግዚአብሔር ይመስገን አረገዝኩ።

የመጀመሪያዎቹ አራት ወራት ሰላም ነበሩ። ዘመድ ሁሉ ይኸው ተወሽ አለኝ። በ21ኛው ሳምንት ማቃጠሉ ተመለሰ፤ አንድ ጠዋት ሽንቴ የቀይ ሥር ውሃ መስሎ ወረደ። በሽንት ምርመራው ቀይና ነጭ የደም ሕዋሳት ታዩ፤ ሁለት ጊዜ ፀረ ባክቴሪያ ታዘዘልኝ፤ ለውጥ አላመጣም። ካልቸር፣ ማለትም ሽንቱ ውስጥ ባክቴሪያ ይበቅል እንደሆነ የሚታይበት ምርመራ፣ እንዲሠራልኝ ለመንኩ፤ ምንም አልበቀለም። በአልትራሳውንድ እብጠቱ 3.5 ሴንቲሜትር ሆኖ፣ ብዙ ደም እየተመላለሰበት ታየ። አንደኛው ሐኪም ዕጢ ሊሆን ይችላል፣ በካሜራ ገብተን ቆርጠን እንመርምረው አለ። ሁለተኛው ቆይ አለ። በዚህ መንገድ ያለፈች አለች? ናሙናውን ልስጥ? ለመውለድስ እንቅፋት ይሆናል?

መልሶቹ

ጽሑፉን ካወጣሁ አምስት ሳምንታት ሆነው፤ የእኔን ሁለቱን ጨምሮ 31 መልሶች ተሰብስበዋል። አንዳንዶቹ ቃላቸው እንዳለ እንዳይደገም ስለጠየቁ ሁሉንም በየቁጥራቸው፣ በራሴ አገላለጽ አስፍሬአቸዋለሁ።

1ኛው መልስ ምርቃት ነበር፤ ማርያም በምጤ ሰዓት እንድትደርስልኝ። ያን ቀን ከዚያ በላይ አልፈልግም ነበር።

2ኛዋ የበሽታውን ስም ጨርሳ እንዳልሰማች ገልጣ ተላላፊ ይሆን ወይስ ካንሰር ብላ ጠየቀች። የመለሰችላት በጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ናት፤ 3ኛዋ። ሁለቱንም አለመሆኑን አስረዳች፦ የማሕፀንን ውስጠኛ ግድግዳ የሚመስል ሕዋስ ከማሕፀን ውጭ ይበቅላል፣ በየወሩ እንደ ማሕፀኑ ያብጣል፣ ይደማል፣ ደሙ ግን መውጫ የለውም፤ ስለዚህ ያቆስላል፣ አካልን ከአካል ያጣብቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም 190 ሚሊዮን የሚሆኑት እንዳለባቸው ይገምታል። ከእነዚህ ውስጥ በሽታው የሽንት አካላትን የሚይዛቸው ከመቶ አንዷን ያህል ሲሆኑ፣ ከነሱም አብዛኞቹን የሚይዘው ፊኛቸው ላይ ነው። ደም መሽናት ደግሞ ከእነዚህ በጥቂቶቹ ላይ ብቻ የሚታይ ምልክት በመሆኑ ሽንቷ ጠርቶ እየታየ የምትሠቃይ ሴት ብዙ ናት። አዋላጇ በሥራዋ ላይ ስንቷን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ብላ እንደሸኘች ታስባለች፤ ይህን ስታሰፍር ራሷን አልሸሸገችም፣ አከበርኳት።

4ኛው መልስ የስድስት ኪሎ ነዋሪና የአምስት ልጆች እናት መሆናቸውን ከገለጹ አንዲት እናት መጣ። በደግ ልብ ነው የጻፉት። እኅታቸውም እንዲሁ ወር በመጣ ቁጥር ትወድቅ እንደነበር፣ ከወለደች በኋላ ግን እንደተዋት ነግረው እኔንም ስወልድ እንደሚተወኝ አጽናኑኝ። ስቃዩ የልጅ ዋጋ መሆኑንም ጨመሩ።

5ኛዋ እሳት ሆና መጣች። ሁለት ልጆች ወልዳለች። ሁለተኛው ልጇ ስምንት ወር ሞልቶት የወር አበባዋ ሲመለስ ሕመሙም አብሮ ተመልሷል፤ ከቀድሞው ብሶ። ትወልጃለሽ ይተውሻል የሚለው ቃል አሥር ዓመት እንዳባከነባት፣ እናቷም አማቷም ይህንኑ ሲነግሯት ምርመራ ሳትሄድ እንደቀረች ጻፈች። የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶና የሥነ ፅንስ ማኅበር በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሴትን ለኢንዶሜትሪዮሲስ መድኃኒት ይሆንሻል ብሎ እርግዝናን መምከር እንደማይገባ በግልጽ ማስፈሩን ጠቀሰች። እስከዚህ ድረስ ያለችው ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን 4ኛዋን እናት አንቺ እያለች ነበር የምትጽፈው።

እሳቸው በ6ኛው መልስ፣ ምርቃት እንጂ ሕክምና እንዳልሰጡ አስረድተው ለመሰናበት ተነሡ። 7ኛው፣ አንድ ጎልማሳ፣ እውነቱ ትክክል ቢሆንም ለእናት አንቺ ብሎ መናገር ከየት የመጣ ወግ እንደሆነ ጠየቀ። 5ኛዋ በዚያው መልስ ሥር ይቅርታ ጠየቀች፤ ስለ አነጋገሯ ብቻ፣ ስለ ነገሩ ከጻፈችው ግን አንድም ቃል መልሳ አልወሰደችም። ትክክል ነበረች፤ እኔም ብሆን መልሼ አልወስድም። በእርግዝና ጊዜ የወር አበባ ስለሚቆም ብዙዎች ፋታ ያገኛሉ፤ ፋታ ግን ፈውስ አይደለም፤ ፋታውን ያላገኘነውም እዚህ አለን።

8ኛውን አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አራተኛውን ጮክ ብዬ ለባለቤቴ። የጻፈው በማሕፀንና ፅንስ ሕክምና ስፔሻላይዝ እያደረገ ያለ ሐኪም ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እርስዎ እያለ። ማሕፀን በእርግዝና ጊዜ ፕሮጄስትሮን በሚባለው ሆርሞን ትእዛዝ ውስጠኛ ግድግዳውን ያወፍራል፤ ሕዋሶቹ ያብጣሉ፣ ደም ሥር ይበዛባቸዋል፤ ለፅንሱ መኝታ ያነጥፋል ማለት ነው። ፊኛ ላይ ያለውም ያው ዓይነት ሕዋስ በመሆኑ ትእዛዙን ይሰማል፤ ፅንስ በሌለበት ቦታ መኝታ ያነጥፋል። እብጠቱ የሚያድገው፣ ደም የሚመላለስበትና በአልትራሳውንድ ዓይን የፊኛ ካንሰር የሚመስለው በዚህ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ገለጠልኝ። ኤምአርአይ በእርግዝና ጊዜ ይቻላል፤ ጋዶሊኒየም የሚባለው የማጉያ መርፌ ግን ይቀራል። በምስሉ ላይ የእብጠቱ መልክ ከማሕፀኑ ውስጠኛ ግድግዳ መልክ ጋር አንድ ከሆነ ጥሩ ፍንጭ ነው። በካሜራ ገብቶ ናሙና መውሰድ የተከለከለ ባይሆንም፣ በደም የተሞላ ሥጋ ሲቆረጥ መድማቱ አይቀርምና ምስሉ በእውነት የሚያጠራጥር ካልሆነ ብዙዎች እስከ ወሊድ ይጠብቃሉ። ካንሰር አይደለም ለማለት ምስሉን ማየት እንዳለበት፣ እርሱም እንዳላየው ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀ። ምክሩ አንድ ነበር፦ የማሕፀን ሐኪሙና የሽንት አካላት ቀዶ ሐኪሙ በየፊናቸው ሳይሆን አንድ ላይ ምስሉን ይዩት። በ9ኛው መልስ አመሰገንኩት፤ ከዚያ በላይ የምጽፈው አልነበረኝም።

10ኛው ከመተሐራ የመጣ ሰው ነው። በአገሩ ደም መሽናት ሲባል ማንም መጀመሪያ የሚያስበው ቢልሃርዝያን በመሆኑ ለምን እንዳልተጠቀሰ ገረመው፤ በወጣትነቱ አዋሽ ውስጥ እየዋኘ ይዞት ነበርና። 11ኛዋ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ አከበረችው፣ አረመችውም። የፊኛው ቢልሃርዝያ በአገራችን የሚገኘው በቆላ ነው፤ በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ፣ በዋቢ ሸበሌ ሸለቆና በኩርሙክ በኩል። ጣናና ዝዋይ ዳር የሚይዘው የአንጀቱ ነው፤ ሌላ ትል። ስለዚህ ሐኪም ደም የምትሸና ሴትን የት እንዳደገችና የት እንደታጠበች ቢጠይቅ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ያደገችው ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ከሆነ ግን መልሱ ሌላ ቦታ ይፈለጋል። የጻፍኩትን ሁሉ አንብባ ነው መሰለኝ የእኔን ሰፈር የገመተችው፤ አልተሳሳተችም።

12ኛዋ ፋርማሲስት ናት፤ የመነሻ ጽሑፌን ያረመችኝም እርሷ ነች። ካልቸሩ ንጹሕ ነው ብዬ ስጽፍ ናሙናውን የሰጠሁት ክኒኑን ከጨረስኩ ስንት ቀን ቆይቼ እንደሆነ ጠየቀች። ፀረ ባክቴሪያ እየወሰዱ ወይም በጨረሱ ማግስት የሚሰጥ ሽንት ባክቴሪያ እያለም ምንም ላያበቅል ይችላልና። ካርዴን አውጥቼ አየሁ፤ አራት ቀን ነበር። በ13ኛው መልስ ይህንኑ አመንኩ፤ ሁለት ሳምንት ቆይቼ ድጋሚ ሰጠሁ፤ አሁንም አልበቀለም። አሁን ንጹሕ ነው ስል ከልቤ ነው።

ፋርማሲስቷ ያነሳችው ይህን ብቻ አልነበረም። እኔን ያነበበች ሌላ ነፍሰ ጡር የእኔም ኢንዶሜትሪዮሲስ ይሆናል ብላ መድኃኒቷን እንዳትጥል ፈርታለች፤ እኔም ከእርሷ በኋላ ፈራሁ። በእርግዝና ጊዜ ባክቴሪያ ሽንት ውስጥ ከተገኘ ባያምም ይታከማል፤ ሳይታከም ከቀረ ከ10 ሴቶች እስከ ሦስቱ ድረስ ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት ይወጣባቸዋል። ቅደም ተከተሉ ነው ቁም ነገሩ፦ በመጀመሪያ ታጥቦ፣ የፊተኛውን ሽንት አፍስሶ፣ መካከለኛውን በንጹሕ ዕቃ ይዞ ሳይውል ሳያድር ላቦራቶሪ ማድረስ፤ የመጀመሪያው ክኒን ከዚያ በኋላ ነው። ትኩሳት ወይም የጎን ውጋት ካለ ግን መድኃኒቱ ውጤት አይጠብቅም። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን ከመደርደሪያ ተገዝተው ለነፍሰ ጡር የሚዋጡ አይደሉም። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ አይቡፕሮፌንን ግን የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2020 እ.ኤ.አ. ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ እንዲቀር ያስጠነቀቀው የፅንሱን ኩላሊት ስለሚጎዳና የእንሽርት ውሃን ስለሚያሳንስ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ፍሬ ነበረኝ። ያን ዕለት ጣልኩት።

14ኛው መልስ ውይይቱን ከመንገድ አወጣው፤ ግን ማንም አልተቆጣውም። ጸሐፊው ባል ነው። ሚስቱ በእርግዝናዋ ጊዜ ከስድስት ኪሎ ሜክሲኮ እስክትደርስ ሁለት ሦስት ጊዜ ከታክሲ ትወርድ ነበር። እርሱም ከሥራ በፊት አብሯት እየወጣ፣ ቀድሞ እየሮጠ፣ የየካፌውን ጥበቃ እየለመነ በር ያስከፍትላት ነበር። ሰልፍ ላይ ተራዋን ይዞ ይቆይላታል። ይህን ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ከ15 እስከ 19 ያሉት ስለ መጸዳጃ ቤት ናቸው። አንዷ በኮሪደር ልማቱ መንገድ ዳር የተሠሩት አዳዲስ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ያለውን መንገድ እንዳቀለሉላት መሰከረች። ሌላዋ በየካፌው ለመግባት ስትል በቀን ሦስት ማኪያቶ እንደምትገዛ፣ ቡናው ደግሞ ፊኛዋን ይበልጥ እንደሚያስቆጣው አማረረች። 17ኛዋ መራር ነገር ጻፈች፦ በትልልቅ ሆቴሎች በር ሱፍ የለበሰች ሴት ሳትጠየቅ ስታልፍ እርሷ ነጠላ ለብሳ የሄደች ቀን ወዴት ነሽ ተብላለች፤ ሆዷ ገፍቶ እየታየ። 18ኛው ወደ ርእሱ እንመለስ ሲል 19ኛዋ ርእሱ ይኸው ነው ስትል መለሰችለት። በእርሷ ወገን ነኝ። በየ20 ደቂቃው ለሚያጣድፋት ሴት ከተማው የሚለካው በሁለት መጸዳጃ ቤቶች መካከል ባለው ርቀት ነው።

ከነዚህ ውስጥ አንዷ መፍትሔ ብላ ከቤት ከመውጣቷ በፊት ውሃ መጠጣት ማቆሟን ጠቅሳ ነበር። አዋላጇ በ20ኛው መልስ ተመለሰች፤ በዚህ ጊዜ በቁጣ። ውሃ ሲያንስ ሽንት ይወፍራል፣ የበለጠ ያቃጥላል፤ ለኢንፌክሽንም መንገድ ይከፍታል፤ ነፍሰ ጡር በጥም የምትቀጣው ፊኛ የለም። ይህን ተከትላ 21ኛዋ የጾሙን ነገር አነሳች፤ እርሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳትቀምስ ቆይታ ሕመሙ ሲጠናባት ለንስሐ አባቷ ነግራ፣ እሳቸው ሳያመነቱ ፈቅደውላታል። መጠየቅ እንጂ መደበቅ እንደማይገባ መከረች። እኔም በዚያው ሳምንት ጠየቅኩ፤ ተፈቀደልኝ።

22ኛው መልስ ባይጻፍ ይሻል ነበር። የከተማ ሴት ሕመም እንደምታበዛ፣ እናቶቻችን እርሻ ላይ ወልደው በዚያው ቀን እህል እንደፈጩ፣ በሽታውም ከኢንተርኔት የመጣ መሆኑን ነገረን። 23ኛዋ መልሷ አንድ አረፍተ ነገር ነው፤ እርሻ ላይ ወልደው የሞቱትን ስላልቆጠራቸው ስማቸውን እንድትልክለት ከፈለገ አድራሻውን እንዲያስቀምጥ። 24ኛዋ ግን አልሰደበችውም። የአያቷን ታሪክ ጻፈች። አያቷ በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን ከጓዳ አይወጡም፤ ድንጋይ በእሳት አግለው፣ በጨርቅ ጠቅልለው በላዩ ይቀመጡ ነበር። የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የጠየቀ የለም። ድንጋዩን ከወንዝ የሚያመጡት ወንዶቹ ልጆች ነበሩ፤ ለምን እንደሚጠቅም ሳያውቁ። አያቷ ሲሞቱ ያ ድንጋይ ከአልጋቸው ሥር ተገኘ፤ ከመታሸት ብዛት ለስልሶ። 22ኛው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ስጠብቃት የነበረችው 25ኛዋ ናት። ካዛንቺስ ስትኖር ከሦስት ዓመት በፊት ያለፈችበት መንገድ የእኔው ነው፤ እብጠት፣ ደም፣ የካንሰር ፍርሃት። የእርሷ ከ3 ወደ 4 ሴንቲሜትር አድጎ ነበር። ሐኪሞቿ ናሙና ሳይወስዱ በየአራት ሳምንቱ በአልትራሳውንድ እየለኩ ጠበቁ። ልጁ በመቀመጫው ስለመጣ በ38ኛው ሳምንት በኦፕራሲዮን ወለደች፤ የፊኛው ችግር አስቀድሞ በካርዷ ላይ ተጽፎ ስለነበር የሽንት አካላት ቀዶ ሐኪሙ በአቅራቢያ ሆኖ ጠበቀ። ፊኛዋ ከማሕፀኗ ጋር ተጣብቆ ተገኘ፤ አዋላጁ ሐኪም አውቆ ስለገባ ከተጣበቀው ከፍ ብሎ ቀደደ፤ እብጠቱን ሳይነካው ዘጋ። ከአራት ወር በኋላ እብጠቱ ወደ 2 ወርዶ ነበር። ጡት ማጥባቷን ከጨረሰች በኋላ ሕመሙ ሲመለስ እብጠቱ ከተቀመጠበት የፊኛ ግድግዳ ጋር ተቆርጦ ወጣ፤ አሥር ቀን ሽንቷ በቱቦ ወረደ። ላቦራቶሪው ኢንዶሜትሪዮሲስ መሆኑን አረጋገጠ። አሁን ከስታዲየም እስከ አምባሳደር ሳትቆም በእግሯ ትሄዳለች። ይህን ለምን እንደጻፈችው ከ14 እስከ 19 ያለውን ያነበበ ይገባዋል።

26ኛዋ በኦፕራሲዮን ወልዳ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው ፊኛዋ ላይ የተገኘባት፤ ቀዶው አምጥቶብኝ ይሆን ብላ ጠየቀች። 27ኛው መልስ የ8ኛው ሐኪም ነው። ሊሆን እንደሚችል፣ ከማሕፀን ቀዶ ሕክምና በኋላ ሕዋሱ ጠባሳው ላይም ፊኛው ላይም ሊገኝ እንደሚችል፣ እኔን የመሳሰሉ ፈጽሞ ያልተቀደዱ ሴቶችም ግን እንዳሉ አስረዳ። ከዚያ ማስጠንቀቂያ አከለ፤ ይህን ክፍል ሁሉም ያንብበው። ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን የወለደች፣ አሁን ያረገዘችና ደም የምትሸና ሴት መጀመሪያ የሚታይላት የእንግዴ ልጁ የት እንደተቀመጠ ነው። ዝቅ ብሎ ጠባሳው ላይ ከተቀመጠ ሥሩን ሰዶ እስከ ፊኛ ሊደርስ ይችላል፤ ያ ለሕይወት የሚያሰጋ ነውና በአልትራሳውንድ ሳይጣራ ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው ተብሎ አይታለፍም። ሽንት እንቢ ካለ፣ የረጋ ደም ከወጣ፣ ትኩሳትና የጎን ውጋት ከመጡ ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ጽሑፍ እየጻፉ መልስ መጠበቅ የለም፤ 907 ደውሎ አምቡላንስ መጥራት ነው።

28ኛው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ለዚህ በሽታ የአማርኛ ስም ሊያወጡለት ፈለጉ፤ ስም የሌለው ሕመም ቤት ውስጥ አይነገርም የሚል እምነት አላቸው። ከማሕፀን ውጭ የበቀለ ሽፋን፣ ስደተኛ ሕዋስ፣ ሌሎችም ሦስት አራት ስሞች ደረደሩ። 29ኛዋ ስደተኛ የሚለውን ነቀፈች፤ ስደተኛ የሰው ስም እንጂ የበሽታ እንዳይሆን። የእናቴን ልንገራችሁ፦ ከሐኪሙ ጋር ከተነጋገረች ጀምሮ የምትጠራው የሚደማው እብጠት ብላ ነው። ጎረቤት እንኳ ገብቶታል።

30ኛው ወንድም ነው፤ እኅቱ አንድ ኩላሊቷን ሳታውቅ አጥታለች። ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደውን ቱቦ ሕዋሱ ቀስ እያለ ጨምቆት፣ ሕመም ሳይሰማት። ስለዚህ ፊኛዬ ብቻ ታይቶ ኩላሊቶቼ እንዳይረሱ ለመነኝ። ሐኪሙ በዚያው ሥር አንድ ነገር ጨመረ፤ በእርግዝና ጊዜ የቀኙ ኩላሊት መጠነኛ እብጠት የተለመደ ነው፣ የግራው ጎልቶ ካበጠ ግን ምክንያቱ ይፈለጋል።

ሄጄ አስመረመርኩ። ቀኙ ትንሽ ሰፍቷል፣ ግራው ደህና ነው። ኤምአርአይ ያለ መርፌ ተነሳሁ፤ ሁለቱ ሐኪሞቼ ምስሉን አንድ ጠረጴዛ ላይ አዩት። የእብጠቱ መልክና የማሕፀኔ ግድግዳ መልክ አንድ ነው። ልኩ 3.6 ሴንቲሜትር ነው፤ በአምስት ሳምንት ውስጥ 1 ሚሊሜትር ነው የጨመረው። የእንግዴ ልጁ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ናሙናው ይቆያል፤ በምጥ መውለድ እንደምችል ተነግሮኛል፤ በካርዴ የፊት ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ስለ ፊኛዬ ተጽፏል፣ ማታ የሚረከበኝ ሐኪም ማንም ቢሆን እንዲያየው። ማቃጠሉ አልቀረም። ደሙ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሄዷል። እንቅልፌ ግን ተመልሷል።

31ኛው መልስ ትናንት ማታ ገባ። 4ኛዋ እናት ናቸው፤ የስድስት ኪሎዋ። ሁሉንም ከላይ እስከ ታች እንዳነበቡ ገለጹ። የመጨረሻ ልጃቸው 16 ዓመቷ ነው፤ በየወሩ ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት ትቀራለች፣ ሽንቷን ስትጨርስ ግድግዳ ይዛ ታለቅሳለች። እሷንም ስትወልጂ ይተውሻል ብለዋት ነበር። የትኛው ክፍል እንደሚጠይቁ፣ ለሐኪሙ በመጀመሪያ ምን እንደሚናገሩ ጠየቁኝ። ሕመሙ ከወር አበባዋ ጋር መጥቶ እንደሚሄድ፣ ከሁሉ በፊት ይህን እንዲናገሩ፣ ቀኖቹንም በደብተር እንድትመዘግብ ጻፍኩላቸው። 5ኛዋ ከእኔ ቀድማ አብራቸው ለመሄድ ፈቃዳቸውን ጠይቃ ነበር፤ እርስዎ ብላ። ማክሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ስድስት ኪሎ አደባባይ ይገናኛሉ።